ከእናቴ ቀፎ የወጣው መንጋ

እናቴ ከጊዳ አያና በኩል ተድራ ነቀምቴ ስትመጣ ይዛ የመጣችው ሁለት ነገር ነው ይባላል፤ አንዱ ኩርፊያ፣ ሌላው ንብ። ይህን የሚለው አባቴ ነው። አባቴ ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ ወለጋ የገባ የቆዳና የሰም ነጋዴ ነበር፤ ሸቀጡንም ቀልዱንም ከቤት ቤት ሲያዞር የሚውል ሰው። እናቴ በሌላው ሁሉ ትስቅለታለች፤ በንቡ ሲቀልድባት ግን ፊቷ አይፈታም። ንቡ የመጣው ከእናቷ ጓሮ ነው፤ እናቷም ያገኘችው ከእናቷ ነው። በእነሱ ቤት ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ ቀፎ የወጣ መንጋ ይሰጣታል። መጀመሪያ የሚሞላውን ማር ደግሞ እናትየዋ ራሷ ልጇ ቤት ድረስ ሄዳ ትቆርጥላታለች፤ የመጀመሪያውንም ቁራሽ በእጇ ታጎርሳታለች። ከዚያ ወዲያ ቀፎው የልጅቱ ነው። ሌላ ቤት እንዲህ ያለ ወግ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ እኛ ቤት ግን የማይቀር ነገር ነበር።

እኔ የቤቱ ብቸኛ ሴት ልጅ ነኝ። ስለዚህ ገና የወተት ጥርሴን ሳልነቅል ጀምሮ መንጋዬ ይታሰብልኝ ነበር።

ቀፎዎቹ ከቤታችን ኋላ፣ በጣሪያው ጥላ ሥር፣ በእንጨት ቆጥ ላይ የተጋደሙ ነበሩ። ከቀርከሃ የተሠሩ፣ በእበትና በአመድ የተለሰኑ፣ ረጃጅም። በክረምት ንብ የሚበላው የለውም፤ ዝናቡ ሳያባራ ይውላል፣ አበባም የለ፣ መውጫም የለ። እናቴ ቀፎዎቹን በደረቅ ሣር ትሸፍንና በገል አድርጋ በሶ አፋቸው ሥር ታኖርላቸዋለች። በቆጡ እግሮች ዙሪያ አመድ ትነሰንሳለች፣ ጉንዳን እንዳይወጣባቸው። ከዚያ ጆሮዋን ቀፎው ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች። ደህና ከሆኑ ምንም ሳትል ትነሳለች፤ ድምፃቸው ከሳሳ ግን ያን ቀን እራት አይበላላትም።

መስከረም ሲጠባ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ማሳ በኑግ አበባ ቢጫ ይሆናል፤ ንቦቹም እግራቸውን ቢጫ አድርገው ይመለሳሉ። ኅዳር ላይ ማር ይቆረጣል። ጥርና የካቲት ግራዋው ያብባል፤ ያኔ ንብ ውሃ ስለሚጠማው በገበቴ ውሃ ላይ ጭድ በትና ታስቀምጥላቸዋለች፣ እንዳይሰምጡ። ዝናብ ጣል ጣል ማድረግ ሲጀምር ደግሞ የብሳናው ተራ ነው። እኔ ወሩን በቀን መቁጠሪያ ማወቅ የጀመርኩት ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። በፊት የእናቴን እጅ አሸት ነበር፤ በሶ ሲሸት ክረምት ነው፣ የኩበት ጭስ ሲሸት ኅዳር ነው።

መንጋ የሚወጣው ቤቱ ሲጠብ ነው። ንቦቹ ከቀፎው አፍ ላይ እንደ ጺም ተንዠርግገው ካደሩ እናቴ ከቤት አትርቅም። እናቴ እንደምትለው፣ ሰፈሩም ሁሉ እንደሚያምነው፣ አሮጊቷ ንብ ቤቷን ትጠብቃለች፤ የሚወጡት ልጆቹ ናቸው። ሙሽሮች ናቸው ትላቸዋለች። ድንገት ጓሮው በጩኸት ይሞላና ሰማዩ ላይ መዞር ሲጀምሩ፣ ጎረቤቱ ያገኘውን ጣሳ ይዞ ይወጣል። አንዱ ጣሳ ይደበድባል፣ አንዱ ውሃ ይረጫል፣ አንዱ አፈር ይበትናል፤ ሁሉም እንዲያርፉ ነው። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከሥራቸው ትሮጣለች፤ አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ በኦሮምኛ፣ «ታኢ ኢንተላ ኮ፣ ታኢ!» እያለች። ተቀመጪ ልጄ፣ ተቀመጪ ማለቷ ነው።

አባቴ አንድ ጊዜ ሊያግዛት ብሎ «ኧረ ተቀመጡ፣ ምን ሆናችሁ እናንተ!» ብሎ ቢጮህ መንጋው አጥሩን ዘሎ ሄደ።

«ያንተን ቋንቋ አይሰሙም፤ ዝም በል» አለችው።

«ወለጋ ተወልደው እንዴት ይስሙኝ!» አለና ጣሳውን አስቀምጦ ገባ። ከዚያ ወዲህ ንብ ሲወጣ ሥራው ውሃ ማቀበል ብቻ ሆነ።

አኖ ከተማ ከሚያስተምር አስተማሪ ሽማግሌ የተላከው እኔ ስምንተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት ነው። አባቴ የልጁን ዘር፣ ሃይማኖቱን፣ ጠባዩን ሲጠይቅ እናቴ ጓዳ ሆና ታዳምጣለች። ሽማግሌዎቹ ሊነሱ ሲሉ ብቅ አለችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ጓሮ አለው?» አለች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አለው አሉ። በዚሁ ተፈቀደ፤ ሠርጉም ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያ ላይ ሆነ።

እናቴ በማግስቱ አዲስ ቀፎ ማሠራት ጀመረች። ራሷ ለሰነችው፤ ውስጡን በወይራ ጭስ አጠነችው፤ በጠጅ ሳር አሸችው። የእኔ ቀፎ ነው። የቀረው ንቡ ነበር፤ ንብ ደግሞ ሲጠሩት አይመጣም።

መስከረም ላይ መንጋው ወጣ፤ ብዙ ነበር፣ ጓሮውን አጨለመው። ጎረቤት ጣሳውን ይዞ ወጣ፤ እናቴ ሮጠች፤ እኔም ውሃውን ይዤ ተከተልኳት። መንጋው አጥሩን ተሻገረና ጎረቤታችን ግቢ ካለው ዋንዛ ላይ ከተሰቀለ ባዶ ቀፎ ውስጥ ጥልቅ አለ። ቆመን ቀረን። በአገሩ ደንብ መንጋ የገባበት ቀፎ ባለቤት ንብረት ነው፤ ክርክር የለውም። የቀፎው ባለቤት ደግሞ የእናቴ የልብ ወዳጅ ነች፤ ጴንጤ ናት፣ እኛ ኦርቶዶክስ ነን፣ ግን ከእሷ ቤት እሳት ሳይጫር የሚያልፍ ቀን አልነበረንም። እኔ አዴ እላታለሁ። አዴ ሮጣ መጥታ እናቴን ክንዷን ያዘቻት።

«የልጅቱ አይደል? ማታ አውርደሽ ውሰጂው» አለቻት።

«አይሆንም» አለች እናቴ። «መርጠው ገብተዋል። ቤት መርጦ የገባን ማን ያስወጣል?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽ በሚያዝያ ልትሄድ ነው እኮ!»

እናቴ ቤት ገብታ ነጠላዋን ፈታች፤ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አየኋት። ሰው ሞቶ ካልሆነ እናቴ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር፤ በጣም ደነገጥኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ መንጋው ለእኔ እንደ አንድ የሠርግ ዕቃ ነበር። ያኔ ገባኝ፤ ባዶ እጄን ከሄድኩ እኔ ምንም አልሆንም፣ እሷ ግን አጥር እንደሌለው ቤት ነው የሚሰማት።

ኅዳር መጣ፤ ማሩ ደረሰ። አባቴ የሠርጉን ጠጅ አስቦ ጋኑን አጥቦ አጠነ፤ ጌሾውን አስፈጨ። እናቴ ቀፎውን አልነካም አለች። ማር ከተቆረጠ ቤቱ ይሰፋል፣ ቤቱ ከሰፋ መንጋ አይወጣም። በሌሎቹ ቀፎዎች የነበረው ጥቂት ነበር፤ ዋናው ማር ያለው እሷ አልነካም ባለችው፣ ከእናቷ በመጣው ነው።

«በሞቴ! ልጄን በውሃ ልድራት?» አለ አባቴ።

«በውሃ ዳራት» አለችው።

እናትና አባቴ እስከ ጥር ድረስ በዚህ ነገር ተኳረፉ። አባቴ ወጥቶ ሲገባ ጋኑን በጣቱ መታ ያደርገዋል፤ ባዶ ጋን ሲጮህ ታውቃላችሁ። ያስታረቀቻቸው አዴ ናት። አንድ ቀን ከጠዋቱ በሁለት ቅል ማር ሞልታ መጣች፤ ያ የመስከረም መንጋ ከገባበት ቀፎ የቆረጠችው ነው። ጴንጤ ጠጅ አይጠጣም፤ እነሱ ቤት ማር ለብርዝና ለልጅ ነው። ቅሎቹን አባቴ እግር ሥር አስቀመጠችና «እኔ የሰጠሁት ማር ነው፤ ከዚህ በኋላ የምታደርጉትን አላየሁም፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቻችንም አላዩም» አለችው። አባቴ እንደዚያ ቀን ሲስቅ አላየሁትም። ሰሙን ደግሞ እናቴ ለጧፍ ብላ ወደ እኛ ቤተ ክርስቲያን ላከችው።

ግራዋው አበበ፣ ረገፈ፤ መንጋ የለም። ጾሙ ገባ፤ መንጋ የለም። እናቴ ጠዋት ጠዋት ቀፎው ሥር ቆማ የምታወራውን እሰማ ነበር፤ ትለምናቸዋለች፣ ትቆጣቸዋለች፣ አንዳንዴም ትሰድባቸዋለች። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቶሎ ጣል ጣል አለና ብሳናው በፋሲካ ሰሞን አበበ። ንቦቹ አፋቸው ላይ መንዠርገግ ጀመሩ። ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ግን ዝናብ ያዘና ተመልሰው ገቡ። እናቴ ምግብ ተወች።

የሠርጉ ቀን ሰማዩ ጥርት አለ። እኔ ተኩዬ፣ ራሴን ተሠርቼ፣ ዓይኔን ሰብሬ ተቀምጫለሁ። ሚዜዎቹ እየዘፈኑ፣ ሽቶ ተርከፍክፈው፣ ከበሩ ላይ ግቡ አትግቡ ሲባባሉ ጓሮው በጩኸት ተሞላ። ያንን ድምፅ ከከበሮ መሐል ለየሁት። እናቴም ለየችው። አዲሱን ጥልፍ ቀሚሷን ሰብስባ፣ አማቾቿን በር ላይ ትታ ሮጠች። ንብ ሽቶ አይወድም፤ ጥቂቶቹ ወደ በሩ ዞሩና አንደኛውን ሚዜ ከንፈሩን ነደፉት። በዚያ ቀን ፎቶ አንሺ መጥቶ ያነሳን ፎቶ እስከ ዛሬ አለኝ፤ ሁላችንም ኮስተር ብለናል፣ እሱ ግን የሚያፏጭ ይመስላል።

«ታኢ ኢንተላ ኮ፣ ታኢ!» ትላለች እናቴ። ሠርገኛው የሠርግ ድስት ክዳን እያንኳኳ አገዛት። አዴ በኋላ የሰቀለችውን ሌላ ባዶ ቀፎ ቀድማ በነጠላዋ ሸፍናው ነበር፣ ዳግመኛ እንዳይገቡባት። መንጋው ከግራዋው ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ አረፈ። እናቴ አዲሱን ቀፎ ይዛ ከሥሩ ቆመችና ቅርንጫፉን አንድ ጊዜ ነቀነቀችው፤ ተዘረገፉ። ከዚያ ተመልሳ መጥታ፣ ፊቷ ሁለት ቦታ አብጦ፣ ለአማቾቿ «ሙሽራዋ ንቧ ተሰብስባ ሳትገባ አትወጣም» አለቻቸው።

እንደዚያው ሆነ። ሠርገኛው እስኪመሽ በጠጅ ተቀመጠ፤ ሚዜዎቹ አጉረመረሙ፤ ባለቤቴ ሰዓቱን ያያል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የውጪዎቹም ገብተው አለቁ። እናቴ የቀፎውን አፍ በጨርቅ ደፈነችው፤ እኛን በሚወስደው የጭነት መኪናም ከእኔ ጋር ጫኑት። መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮቱ እጄን ያዘችኝ። «ኅዳር ላይ እመጣለሁ። እኔ ሳልመጣ እንዳትነኪው» አለችኝ። ጉንጯን ስስማት «አበጠብኝ» ብላ ሳቀች። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት እየሳቀች ነው፤ ለዚህ እግዜር ይመስገን።

አኖ ትንሽ ከተማ ናት፤ የአዲስ አበባ መንገድ መሐል ለመሐል ያልፍባታል። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ግን ንብ ሲያይ ኮቱን በራሱ ላይ የሚገለብጥ ነበር። ቀፎውን ጓሮ አጋድሜ ብቻዬን ጠበቅኩት። ናፍቆት እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር። ማታ ማታ ሥራዬን ስጨርስ ጆሮዬን ቀፎው ላይ እለጥፋለሁ፤ ውስጡ ያለው ድምፅ የእናቴ ጓሮ ድምፅ ነው። እዚያው እንባዬ እስኪቆም እቀመጣለሁ።

አባቴ የሚያውቃቸው ሾፌሮች ከነቀምቴ ሲመጡ በራችን ላይ ይቆማሉ። መልእክቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «እናትሽ፣ ሞሉ ወይ? ብላለች።» እኔም «ገና ነው በላት» እላለሁ። ሰኔ ላይም ጠየቀች፤ ገና ነው አልኩ። ሐምሌ ላይ የመጣው ሾፌር ጥያቄውን አመጣና ቆየት ብሎ፣ ትንሽ አሟታል አለ። ልሂድ ስል ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል፣ መኪና አያልፍም ተባለ። በነሐሴ መንገዱ ሲከፈት ያው ሾፌር መጣ። ከመኪናው ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀ። ሞሉ ወይ አላለም።

ነቀምቴ ስደርስ ተቀብራለች። አባቴ በድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ነበር። ጓሮ ወጥቼ የእሷን ቀፎ አዳመጥኩ። ደህና ነበሩ። ለምን ደህና ሆናችሁ ብዬ በቡጢ ልመታው ቃጣኝ።

ኅዳር መጣ። የእኔ ቀፎ ሞልቷል፤ ሽታው ቤት ድረስ ይገባል። አልነካሁትም። አልቆርጠውም ብዬ ቆርጬ ነበር። እሷ «ሳልመጣ እንዳትነኪው» ብላኛለች። ይበላሽ አልኩ፤ ጉንዳን ይብላው አልኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪና በራችን ላይ ቆመና አዴ ወረደች፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ መንገዱ አንገላቷት። ደረቴ ላይ ተደፍታ ካለቀሰች በኋላ ከጉያዋ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። የእናቴ ማር መቁረጫ ቢላ ነው፤ አባቴ ጫፉን ያጎበጠላት።

«ልካኝ ነው» አለችኝ። «እኔ ካልደረስኩ አንቺ ቁረጪላት፤ ልጄ ግትር ናት፣ ካለ እናት እጅ አትነካውም ብላኛለች።»

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ኩበት አጨስን። አዴ እንደ እናቴ ቀስ ብላ፣ በኦሮምኛ እያባበለቻቸው፣ ከኋላ በኩል ከፈተች። የመጀመሪያውን የማር እንጀራ ነጭ በነጭ ሆኖ አወጣችው። ቁራሹን በእጇ አፌ ውስጥ አደረገችው። «ይሄ የእሷ ነው» አለችኝ። ያን ማር አላምጬ ለመዋጥ የፈጀብኝን ጊዜ እኔ ነኝ የማውቀው። የብሳናው ምሬት ነበረበት።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ልጆቼ ካደጉ በኋላ፣ የሳጥን ቀፎ የሚያስተዋውቅ አንድ ወጣት የእርሻ ባለሙያ አኖ መጣ። ጓሮዬን አይቶ ደስ አለው። አንዱን መንጋዬን ወደ ሳጥኑ ካዛወረልኝ በኋላ አንድ የማር እንጀራ ብድግ አድርጎ ረዘም ያለችዋን ንብ በጣቱ አሳየኝና እናንተ አውራ የምትሉት ይህ ነው፤ ግን ሴት ናት፣ የሁሉም እናት ናት አለኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ስለ መንጋ አነሳ። የሚወጡት ልጆቹ ናቸው አልኩት፣ አሮጊቷ ቤቷን ትጠብቃለች።

«አይ እማማ» አለኝ። «ቀድማ የምትወጣው አሮጊቷ ናት። ቤቱን ከነማሩ ለልጇ ትታላት ነው የምትሄደው።»

ድገመው አልኩት። ደገመው። ሳጥኑን እስኪዘጋ አልጠበቅኩም፤ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። በዚያች ሚያዝያ፣ ያ መኪና ላይ፣ አፉ በጨርቅ ተደፍኖ አብሮኝ የመጣውን አሰብኩት። ማታ ማታ ጆሮዬን ለጥፌ ያለቀስኩበትን ቀፎ አሰብኩት። እናቴ ልጄን ልስጥሽ ብላ የሰጠችኝ እናትየዋን ኖሯል። እሷም ሳታውቀው ሄደች፤ ልነግራት ምን ያህል እንደምፈልግ።

አሁን አርጅቻለሁ፤ ጉልበቴ ለሩጫ አይመችም። ግን መስከረም ሲጠባና ጓሮው በዚያ ድምፅ ሲሞላ ጣሳዬን አንስቼ እወጣለሁ። ልጆቼ ይከለክሉኛል፤ አዲስ መንጋ አንፈልግም፣ ቀፎ ሞልቷል፣ ይሂዱ ይሉኛል። እነሱ ምን ያውቃሉ። አንገቴን ቀና አድርጌ ከሥራቸው እሄዳለሁ፤ ጣሳውን እደበድባለሁ፤ እናቴ እንደምትጮኸው እጮሃለሁ። ቃሉን ግን አንድ ቦታ ላይ ቀይሬዋለሁ። እሷ ልጄ ነበር የምትለው።

«ታኢ ሀርሜ ኮ» እላታለሁ። «ተቀመጪ እናቴ። ታኢ።»